አምሳ ጊዜ የተጻፈ አንድ ቃል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ የመቅበጥበጥ ችግር፣ በተለምዶ ኤዲኤችዲ ስለሚባለው፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ልጆቹ መቀመጫ ላይ ስለማይረጉበትና የጀመሩትን ስለማይጨርሱበት ሁኔታ በሚገባ ተገልጿል፤ ስለ ደብተራቸው ግን አንዳች ነገር አላገኘሁም። ለብዙ ዓመታት አማርኛ ያስተማርሁና ቁጥሩን የማላውቀው የቃል ጽሕፈት ያረምሁ ሰው እንደመሆኔ፣ የጎደለውን ለመጨመር ወደድሁ።

በቅድሚያ የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪዬ «ትምህርት» የሚለውን ቃል በአንድ ገጽ ላይ በሦስት ዓይነት ጻፈልኝ፤ መጀመሪያ «ትምርህት»፣ ቀጥሎ «ትህምርት»፣ ከገጹ ግርጌ ደግሞ አስተካክሎ «ትምህርት»። አንዴ በትክክል ከጻፈው ያውቀዋል ማለት ነው፣ ካወቀው ደግሞ የሚሳሳተው በቸልተኝነት ነው ብዬ ፈረድሁና ቃሉን አምሳ ጊዜ ጽፎ እንዲመጣ አዘዝሁት። በማግስቱ ደብተሩን ስገልጥ አምሳው መስመር ሞልቷል። ፊደላቱ ግን እንደ አጥር እንጨት ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብለው ተሰድረዋል፤ የመጀመሪያው ረድፍ በሰማያዊ፣ የመጨረሻው በጥቁር ስክሪብቶ ነው። ልጁ መጀመሪያ «ት»ን አምሳ ጊዜ፣ ቀጥሎ «ም»ን አምሳ ጊዜ፣ እንዲህ እያለ ወርዷል። ከገጹ አጋማሽ በታች «ር» ጠፍታ «ትምህት» ሆኖ አልቋል። አምሳ ጊዜ ያልሁት ቃል አንድም ጊዜ እንደ ቃል አልተጻፈም።

ያኔ ያልገባኝ ነገር፣ መጻፍ አንድ ሥራ አለመሆኑን ነው። አንድን ዓረፍተ ነገር ወደ ወረቀት ለማስፈር ሐሳቡን እስኪጨርሱ በአእምሮ መያዝ፣ ቃሉን በድምፅ በድምፁ መበተን፣ የእያንዳንዱን ድምፅ ፊደል ማስታወስ፣ ቅርጹን በእጅ ማውጣት፣ በዚያው ላይ የት እንደደረሱ መከታተል ያስፈልጋል። በጽሕፈት የሠለጠነ ሰው ፊደሉና እጁ ሳያስባቸው ስለሚሄዱለት ሐሳቡ ላይ ብቻ ይቆማል። ኤዲኤችዲ ባለበት ልጅ ዘንድ ግን ነገርን ለጥቂት ሴኮንዶች ይዞ የሚያቆየው የአእምሮ ችሎታ ብዙ ጊዜ ደካማ በመሆኑ፣ አንዱን ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል፤ ሐሳቡን ሲከተል ፊደል ይዘላል፣ ፊደሉን ሲጠነቀቅ ሐሳቡ ይጠፋዋል። ታሪኩን በአፉ ሩብ ሰዓት ሙሉ ያጫወታችሁ ልጅ ጻፈው ሲባል ሦስት መስመር ይዞ የሚመጣው ስለዚህ ነው። ከእነዚህ ልጆች በብዙዎቹ ላይ የእጅ ቅልጥፍና ችግር ተደርቦ ስለሚገኝ፣ ጽሕፈታቸው ከመስመር ይወጣል፣ በላጲስ ብዛትም ወረቀቱ ይቀደዳል።

የእኛ ፊደል በዚህ ላይ የራሱን ሸክም ይጨምራል። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ረድፍ ሲቆጠሩ 231 ቅርጾች ይሆናሉ፤ ብዙዎቹን እርስ በርስ የምትለያቸው ደግሞ አንዲት ጭረት ወይም አንዲት ቀለበት ናት። በ«ጁ» ጎን ያለችው ጭረት ቀርታ ከእግሩ ሥር ቀለበት ብትገባ «ልጁ መጣ» የነበረው «ልጄ መጣ» ይሆናል። ትኩረቱ ለቅጽበት የሸሸበት ልጅ የሚጥላት ይህችኑ ነው። የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ጋዜጣችሁ ራሱ በአንድ ገጽ ላይ «ፀሐይ»ንም «ጸሀይ»ንም እያወጣ ልጅን በ«ጸ» እና «ፀ» መቅጣት ፍትሕ አይመስለኝም።

ያ ተማሪዬ አንዱን ቃል በሦስት ዓይነት መጻፉን የቸልተኝነት ማስረጃ አድርጌ ነበር የወሰድሁት፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብና የመጻፍ ችግር ያለበት ልጅ በዋናነት የሚቸገረው ድምፅን ከፊደል ጋር በማዛመድ ነው። ትኩረቱ የሚሸሽ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ቃሉን ያውቀዋል፤ በሚጽፍበት ቅጽበት ግን አይደርስለትም። በዚህም የተነሳ ስሕተቱ ከመስመር መስመር ይለዋወጣል። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ልጅ ላይ አብረው የሚገኙበት ጊዜ ጥቂት ስላልሆነ፣ መምህር በደብተር ብቻ ተነሥቶ ስም ሊሰጥ አይገባም። ባለሙያዎች ኤዲኤችዲ ነው ለማለት ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየታቸውን፣ ቢያንስ ስድስት ወር መቆየታቸውንና በቤትም በትምህርት ቤትም መኖራቸውን ያጣራሉ። በተለይ የማይረብሹ፣ በዝምታ በመስኮት የሚያዩ ልጆች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፣ ሳይታወቅላቸው ክፍል ይቆጥራሉ።

ወላጆች ዘወትር የሚጠይቁኝ ስለ መድኃኒት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ብራድሊ በ1937 እ.ኤ.አ. ቤንዘድሪን የተባለ አነቃቂ መድኃኒት የተሰጣቸው ልጆች በትምህርታቸው መሻሻላቸውን ከጻፈ ወዲህ፣ አነቃቂ መድኃኒቶች ትኩረትን እንደሚረዱ ይታወቃል። ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው። እኔ የምለው መድኃኒቱ ልጁን ወንበሩ ላይ ሊያረጋው ይችላል፣ «ጁ»ን ከ«ጄ» መለየት ግን አሁንም ሰው ማስተማር አለበት።

ከዚያች ደብተር በኋላ በክፍሌ የለወጥኋቸው ነገሮች ወጪ የሌለባቸው ናቸው። ሃያ ቃል በአንድ ትንፋሽ ማስጻፉን ትቼ አምስት አምስት ቃል አጽፋለሁ፤ አምስቱ እንዳለቀ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ አብረን እናርማለን። ከሰሌዳ መገልበጥ ለእነዚህ ልጆች እጅግ አድካሚ ነው፤ ቀና ባሉ ቁጥር ያቆሙበት ቦታ ይጠፋቸዋልና ጽሑፉን በወረቀት አጠገባቸው አኖርላቸዋለሁ። በላጲስ ፈንታ በአንድ መስመር ሰርዘው እንዲቀጥሉ እፈቅዳለሁ። የጻፉትን ሲያርሙ ሁሉንም ስሕተት በአንድ ጊዜ እንዲፈልጉ አላደርግም፤ አንድ ጊዜ የተዘለለ ፊደል ብቻ፣ ሌላ ጊዜ ጭረትና ቀለበት ብቻ፣ ያውም በጣታቸው እየጠቆሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያነበቡ። ጽሕፈቱ ራሱ ለጠናባቸው በኪቦርድ መጻፍ ወይም በቃል መመለስ እፎይታ ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ማባበል ነው ይላሉ። ዓይኑ የደከመ ልጅ መነጽር ሲያደርግ ግን ማባበል ነው ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ዋናው ጥያቄዬ ስለ ነጥብ አሰጣጥ ነው። ያው ተማሪዬ በሳይንስ ፈተና ላይ በመንገድ የተኛ ውኃ ፀሐይ ስትወጣ ወዴት እንደሚሄድ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ አብልጦ አስረዳ፤ «ትነት»ን ግን «ትንተ» ብሎ ስለጻፈ በቀይ ስክሪብቶ ዜሮ ተሰጠው። የተፈተነው ሳይንስ ሆኖ የወደቀው በፊደል ነው። የፈተና አራሚዎች መመሪያ የሚያዘጋጁ ክፍሎች፣ የቋንቋ ፈተና ባልሆነ ወረቀት ላይ የፊደል ስሕተት ነጥብ እንዳያስቀንስ በግልጽ እንዲጽፉ፣ ጋዜጣችሁም ይህን ጥያቄ እንዲያቀርብላቸው እጠይቃለሁ። እኔ በበኩሌ በአማርኛ ድርሰት ላይ ሳይቀር ለሐሳቡ አንድ፣ ለፊደሉ አንድ፣ ሁለት ቁጥሮች ለየብቻ እሰጣለሁ። በዚህ ዓይነት የመጀመሪያውን ወረቀቱን ሲቀበል፣ ያ ልጅ ለሐሳቡ ከአሥር ዘጠኝ፣ ለፊደሉ ከአሥር አራት ነበር ያገኘው። ዘጠኟን በጣቱ ነክቶ «ይቺ የእኔ ናት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአማርኛ መምህር