አሲናራ የቀሩትም መዝገብ አላቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

እንደምን ከርማችኋል? በየዓመቱ የካቲት 12 ሲመጣ ጋዜጣችሁ የአዲስ አበባውን ጭፍጨፋ ያነሳል። ደግ አድርጋችኋል። ከዚያ በኋላ በመርከብ ተጭነው ስለተወሰዱት ሰዎች ግን ነገሩ በአንድ መስመር ያልፋል። «ብዙ መኳንንት ወደ ጣሊያን ተጋዙ» ይባልና ያበቃል። የኔ አያት ከነዚያ «ብዙ» ከተባሉት አንዱ ናቸው።

ግራዝማች ነበሩ። በ1929 ዓ.ም. ተይዘው ሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው አሲናራ ደሴት ተወሰዱ። ደሴቲቱ ምርኮኛ ለምዳለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሺህ የሚቆጠሩ የኦስትሪያና የሃንጋሪ ወታደሮች አልቀውባታል። የንጉሡ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅም እዚያ ታስረው ነበር፤ በኋላ ቱሪን ላይ አርፈው እዚያው ተቀበሩ።

ከግዞት የተመለሱ ሰዎች ለቤተሰባችን «ሲታመሙ ደሴቱ ላይ ሆስፒታል አስገቧቸው፤ ከዚያ ወዲያ አላየናቸውም» ብለው ነገሩን። ሴት አያቴ ግን ተስፋ አልቆረጡም። ጣሊያን ኅዳር 18 ቀን 1934 እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ «እንግዲህ ይለቁልኛል» ብለው ደጅ ደጁን ሲያዩ ከረሙ። የሚመጣ ጠፋ። የሞቱበት ቀን ስላልታወቀ ተዝካራቸው በኅዳር ሚካኤል ወጣ። ዝክሩም በዚያው ቀን ጸና።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት መዝገብ ቤት ነው። ጠፋ የተባለ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ስም ተቀምጦ ይገኛል። ጡረታ ስወጣ ታዲያ ጉዳዩን ያዝኩት። እዚህ አንድ ቢሮ ሄጄ ባመለክት «የሟችን መታወቂያ ያምጡ» አሉኝ። በ1929 የተጋዘ ሰው መታወቂያ! ምን ይባላል፣ ስቄ ወጣሁ።

መላው የተገኘው በጣሊያን በኩል ነው። እዚያ ሞት የሚመዘግበው ሰውየው የሞተበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት ነው፤ አሲናራ ደግሞ በፖርቶ ቶሬስ ሥር ናት። በዚያ ዘመን መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይጻፍ ነበር። አንዱ ማዘጋጃ ቤቱ ዘንድ ይቀር፣ ሌላው ወደ ፍርድ ቤት ይላክ ነበር። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ሊተርፍ ይችላል ማለት ነው። ጣሊያን የሚኖረው የእህቴ ልጅ ጻፈላቸው። መልሳቸው «በዚህ ስም የተመዘገበ የለም» የሚል ሆነ።

አላመንኩም። ጣሊያኖች «ሀ»ን ይውጧታል፤ ኃይሉን «አይሉ» ብለው ነው የሚጽፉት። ማዕረግን ደግሞ የቤተሰብ ስም ሊያደርጉት ይችላሉ። ልጁን «በግራዝማች አስፈልግ» አልኩት። ተገኙ! አያቴ «ግራዝማች» የሚባል ቤተሰብ ልጅ ሆነው ቁጭ ብለዋል።

ቅጂው በቴሌግራም መጣልኝና ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አሳተምኩት። በእጅ የተሞላ ፎርም ነው። ቀኑ በእነሱ 18 ማርች 1938፣ በእኛ መጋቢት 9 ቀን 1930። ከዓመቱ ጎን በሮማ ቁጥር 16 ተጽፏል። ፋሽስቶች ሥልጣን ከያዙበት ጊዜ ጀምረው የሚቆጥሩት የራሳቸው ዘመን ነው፤ በሟች ወረቀት ላይ እንኳ አልተዉትም። ሥራ በሚለው ፊት ለፊት «ባለርስት» ይላል። ከታች የሁለት ምስክሮች ፊርማ አለ። የአባታቸው ስም ተጣሞም ቢሆን ይነበባል። በእናታቸው ስም ቦታ ግን «አይታወቅም» ተብሏል። እኛ ቤት ያንን ስም የማያውቅ ሕፃን የለም! አልጋቸው አጠገብ ቆሞ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም ማለት ነው። ከሁሉ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። በምን እንደሞቱም አይልም፤ እዚያ የሞት መዝገብ ላይ ምክንያት አይጻፍም።

አሁን ቤት ውስጥ ክርክር ተነስቷል። መጋቢት 9 ሁልጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። ወንድሜ «በሽሮ ዝክር ማን ይመጣል?» ብሎ ኅዳርን ሙጥኝ ብሏል። እኔ በበኩሌ ሽሮዬን እሠራለሁ፣ የመጣ ይምጣ።

አዘጋጅ ሆይ፣ ጥያቄዬ ይህ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ጣሊያን ዘመድ የለውም። ሰባ ዓመት ያለፈው የሞት መዝገብ እዚያ ሚስጥር አይደለም፤ ሙሉ ቅጂው ይሰጣል። ታዲያ የሀገራችን ቤተ መዛግብትና ሮም ያለው ኤምባሲያችን ለምን አንድ ላይ ሆነው የኢትዮጵያውያኑን ስም አሰባስበው በአማርኛ አያወጡልንም? ሶማሊያ ውስጥ በዳናኔ፣ ኤርትራ ውስጥ በናኩራ የጣሊያን እስር ቤቶች የቀሩትም ተራቸውን ይጠብቃሉ።

እስከዚያው እናንተ አንድ አምድ ብትሰጡን ይበቃል። የተጋዘ ዘመድ ያለው አንባቢ የሰውየውን ስም፣ ማዕረግ፣ የክርስትና ስም፣ የአባትና የእናት ስም፣ የተያዘበትን አገር ጽፎ ይላክ። የእኛን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤላችኋለሁ።

የግራዝማች የልጅ ልጅ፣ ከጎንደር