ለአባባ፣ ስለ ላክሁልዎ ማዳመጫ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤ ሐይቅ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔና ልጆቹ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ደብዳቤ መጻፍ የመረጥኩት የጆሮዎን ነገር በስልክ መነጋገር ስላልሆነልን ነው። ባለፈው ስደውልልዎ ሦስት ጊዜ «አብሽሪ፣ ሰምቻለሁ» አሉኝ፤ እኔ ግን የጠየቅሁዎት መድኃኒቱን ወስደው እንደሆነ ነበር።

ደሴ ሐኪም ዘንድ የሄድን ዕለት ያየሁት ከልቤ አልወጣም። ሐኪሙ ያችን ባለ ሁለት ጣት ብረት መትቶ፣ እየነዘረች ሳለ ከጆሮዎ ኋላ ካለው አጥንት ላይ ሲያሳርፋት «ይሰማኛል» አሉ፤ ድምፁ ሲጠፋብዎ አንሥቶ ከጆሮዎ ደጃፍ ሲያቀርባት ግን ዝም ብለው አዩት። ጤነኛ ጆሮ ቢሆን ደጃፉ ላይ እንደገና ይሰማው ነበር። ሪነ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1855 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ይህ ቀላል ፍተሻ፣ ከልጅነትዎ ጀምሮ መግል ሲያመነጭ በኖረው ጆሮዎ ችግሩ ያለው ድምፅ በሚያስተላልፉት በታምቡሩና ከኋላው ባሉት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች በኩል መሆኑን፣ የውስጡ ጆሮ ግን በአጥንት የሚመጣውን ድምፅ እንደሚሰማ አሳየን። የሌላው ሰው ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ሳለ የራስዎ ዚክር ግን ጎልቶ የሚሰማዎ፣ እኛም «አባባ ምነው ድምፅዎን ዝቅ አደረጉ» የምንልዎ በዚሁ ምክንያት ነው፤ የራስዎ ድምፅ በአጥንትዎ በኩል ይደርስዎታልና።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁልዎ ማዳመጫ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ወደ ጆሮ አይገባም፤ ሁለቱ ትናንሽ ራሶቹ ከጆሮዎ ፊት ባለው የጉንጭ አጥንት ላይ ያርፉና በመንዘር ድምፁን ወደ ውስጡ ጆሮ ያደርሳሉ። እኔ ተመሳሳዩን አድርጌ ጠዋት ጠዋት በቦርከና ዳር ወደ ሥራ ስሄድ ቁርኣን አዳምጣለሁ፤ ጆሮዬ ክፍት ስለሆነ ከኋላዬ የሚመጣውን የባጃጅ ጥሩምባ እሰማለሁ። ወደ ባቲ የሚወርዱት ከባድ መኪናዎች ሲያልፉ ግን ንባቡ ይዋጣል።

ለእርስዎ መጀመሪያ የገዛሁት ሌላ ነበር፤ ሻጩ «በአጥንት የሚያሰማ ነው» ብሎ ማለልኝ፤ ቤት ገብቼ ጆሮዬን በጣቴ ስደፍነው ግን ድምፁ ጠፋ። ከጆሮ ውጭ የተሰቀለ ተራ ድምፅ ማጉያ ኖሯል! ለእርስዎ የሚሆን መስሎኝ ስንት ቀን ስደሰትበት ከርሜ ነበርና በጣም አዘንሁ። እውነተኛው ጆሮ ሲደፈን ድምፁ አይጠፋም፤ ይልቁንም ወፍራሙ ድምፅ ይበረታል። ይህንን የላክሁልዎን በዚያ መንገድ ፈትኜዋለሁ፤ እርስዎም ይሞክሩት።

ራሶቹ ከቆዳዎ ጋር በደንብ ይነካኩ፤ ቆብዎ ወይም ጥምጥምዎ በመካከል ከገባ ድምፁ ይደክማል። ድምፁ ሲበዛ ጉንጭዎን ይኮረኩርዎታል፤ ያን ጊዜ ይቀንሱት። ጆሮ ውስጥ ስላልገባ አይጎዳኝም ብለው እስከ መጨረሻው እንዳይከፍቱት እለምንዎታለሁ፤ መንዘሩ የሚያርፈው እዚያው ድምፅ በሚሰማው የውስጥ ጆሮዎ ላይ ነው። ለውዱእ ሲነሡ ያውልቁት። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል መብራት ባለ ጊዜ ቻርጅ ይደረግ፤ ከስልክዎ ጋር የእህቴ ልጅ ያገናኝልዎታል።

ይህ ነገር ግን ሰው ፊት ለፊት የሚነግርዎን አያሰማም፤ የሚያሰማው ከስልኩ የሚመጣውን ብቻ ነው። አዛኑንና በሐድራው የዱዓ ስብስብ ላይ የሚባለውን ለመስማት ሌላ የሐኪም መሣሪያ ያስፈልጋል፤ እሱንም በአጥንት የሚሠራውን ዐይነት ሐኪሙን እንድንጠይቅ ወደ ደሴ አብረን እንመለሳለን። ጆሮዎ መግል ባመነጨ ቁጥርም «ለምጄዋለሁ» ብለው አይተዉት፤ ይህን አጥብቄ የምለምንዎት ነው።

መንዙማዎቹን በስልክዎ ሞልቼልዎታለሁ። ቤተሰቡን ላለመረበሽ ሬዲዮውን መዝጋትዎን ከነገሩኝ ጀምሮ ምሽትዎ ያሳስበኝ ነበር። ዓርብ ከዒሻእ በኋላ እደውልልዎታለሁ፤ ማዳመጫውን አድርገው ይጠብቁኝ፤ ሳልጮህ ነው የማናግርዎ።

ዱዓዎ አይለየኝ።

ልጅዎ፣ ከኮምቦልቻ