አባባ እንዳይወድቁ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አባባ ሽንት ቤት በር ላይ ሊወድቁ ሲሉ ለጥቂት እንደያዝሻቸው ከነገርሽኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሞተር ሳይክሉ ከገጫቸው ገና ሦስት ወሩ ነው። ጭንቅላታቸው ዳግም መመታት የለበትም። በስልክ ስላልጨረስነው ከሥራ እንደገባሁ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

«አይነሱ ስላቸው አይሰሙኝም» ብለሻል። እልኸኛ ሆነው አይደለም፣ እትዬ። አደጋው ከእግራቸው ጋር ጥንቃቄያቸውንም ወስዶታል። ግራ እግራቸው እንደማይችላቸው ይረሱና ሽንታቸው ሲመጣ እንደ ድሮው ብድግ ይላሉ። ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያንና ሕመምተኞች የሚጦሩበት ቤት፣ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት እንደሳቸው የተጎዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «ፎጣ ይዤ እስክመጣ እንዳይነሱ» አልኳቸው። «እሺ» አሉኝ። ስመለስ መሬት ላይ ነበሩ፤ ዳሌያቸው ተሰብሯል። እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፉም።

ስለዚህ ከመከልከል ይልቅ ቀድመሻቸው ተገኚ። ሳይጠይቁሽ በየ2 ሰዓቱ ሽንት ቤት ውሰጃቸው። ሌሊት ግቢ መውጣቱ ይቅር፤ ፖፖ ግዢላቸው። ያፍራሉ፣ አውቃለሁ፤ ወንድማችን አብሯቸው ይደር። መብራት ስለሚጠፋ ትንሽ የባትሪ መብራት እስኪነጋ ይብራ።

ሲነሱ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እግራቸው መሬት ረግጦ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቀመጡ። በአንዴ ሲቆሙ የደም ግፊታቸው ወርዶ ያዞራቸዋል። አንቺ በደካማው ጎን፣ በግራ በኩል፣ ትንሽ ወደኋላ ብለሽ ቁሚ። ክንዳቸውን አትጎትቺ፣ ትከሻቸው ይጎዳል። እኛ ወገብ ላይ የሚታሰር ሰፊ ቀበቶ ይዘን ነው የምናስኬደው፤ ሰው ሳገኝ እልክልሻለሁ። እስከዚያ የእማዬን መቀነት አጥፈሽ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪና እሱን ያዢ።

ሳሎን ያለው ምንጣፍ ይነሳ። ለበዓልም ቄጠማ አትጎዝጉዢ፣ እርጥቡ ያንሸራትታል። ነጠላ ጫማው ቀርቶ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ። ጋቢያቸው አይጎተት። በርጩማ ላይ አታስቀምጫቸው፤ መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ይሁን። የበሩን መቃን የሚገጩት ዓይናቸው ደክሞ አይመስለኝም፤ ቀኝ አንጎሉ የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ ግራ ጎኑን ልብ አይልም። በዚያ በኩል ምንም አይቀመጥ።

ጎረቤት «ወንበሩ ላይ እሰሯቸው» ያለሽን ግን አትስሚ። እዚህ አገር በፈረንጆቹ 1987 በወጣው ሕግ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ለሠራተኛ ምቾት ብሎ ሰው ማሰር ክልክል ነው። የታሰረ ሰው ሲታገል የባሰ ይወድቃል። አልጋ ላይ ማዋልም እግርን ያደክማል። ይራመዱ፣ ግን ከሰው ጋር።

ከወደቁ ቶሎ አታንሷቸው። መጀመሪያ የት እንዳመማቸው ጠይቂ። ጭንቅላታቸው ከተመታ ግን ደህና ቢመስሉም ሐኪም ይያቸው። ካስመለሳቸው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው፣ ንግግራቸው ከተምታታ ወይም ራስ ምታቱ ከባሰ ንጋትን አትጠብቂ።

መቋሚያቸውን ይዘው ቅዳሴ ልሂድ ማለታቸው አስለቀሰኝ። ይሂዱ እትዬ። መቋሚያው ድንጋይ ላይ ስለሚንሸራተት ጫፉ ጎማ የሆነ ከዘራ ከቀበቶው ጋር እልካለሁ። እስኪደርስ ሁለት ሆናችሁ ደግፏቸው፣ ወንበርም ይያዝላቸው፣ ተቀምጠው ያስቀድሱ። መቋሚያውን አንቺ ያዢላቸው።

እሑድ ስትመለሱ ደውዪልኝ።

እህትሽ