ለደንበኞቻችን፦ ኤክሴል ጳጉሜን አያውቅም

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

የዱቤ መዝገባችሁን በኤክሴል ሠርታችሁ የምትልኩልን እየበዛችሁ ነው። ሥራችንን አቅልላችሁልናል፣ ተባረኩ። ግን «ስንት ቀን ቆየ?» የሚለው አምድ ላይ የእናንተና የእኛ ቁጥር አልገጥም እያለ ነው። ምክንያቱ ይሄውላችሁ።

ኤክሴል ቀን ብላችሁ የጻፋችሁለትን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያነበው። ከቢቸና ጤፍ የሚያስጭን ነጋዴ ነሐሴ 25 ቀን 2017 በዱቤ ሸጦ፣ መስከረም 10 ቀን 2018 ገንዘቡን ተቀበለ እንበል። በጣት ሲቆጠር ከነሐሴ የቀረው 5፣ ጳጉሜን 5፣ ከመስከረም 10፤ በድምሩ 20 ቀን ነው። 25/12/2017 እና 10/1/2018 ብላችሁ ብታቀናንሱ ግን፣ ቀኑን ከወሩ አስቀድሞ እንዲያነብ የተስተካከለ ኤክሴል 16 ይላል። ዲሴምበርና ጃንዋሪ መስሎታል። በቀን በሚታሰብ ወለድ ላይ 4 ቀን ቀላል አይደለም። ክፋቱ ደግሞ ዝም ብሎ ማለፉ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2018ን 30/2/2018 ብትሉት ይሻላል፤ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ወደ ግራ ያስጠጋዋል፣ ስታቀናንሱም ስህተት ያወጣል። ቢያንስ ትነቃላችሁ።

ወሩን ሁሉ 30 አድርጎ የሚቆጥር ዴይስ 360 (DAYS360) የሚባል የኤክሴል ቀመርም አለ። ለእኛ የተሠራ ይመስላል። አትመኑት፤ ለዚሁ ምሳሌ 15 ብሎ ጳጉሜን እንዳለ ይውጣታል።

እኛ የምንሠራው እንዲህ ነው። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በሦስት አምድ ለይታችሁ ጻፉ። ዓመቱን በ365 አባዙ። ዓመቱን ለ4 አካፍሉና ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ደምሩበት፤ ይህ በ4 ዓመት አንዴ ለምትመጣው ጳጉሜን 6 ነው። ከወሩ ቁጥር 1 ቀንሳችሁ በ30 አባዙና ጨምሩ። መጨረሻ ላይ ቀኑን። ለነሐሴ 25 737,064፣ ለመስከረም 10 737,084 ይመጣል። ልዩነቱ 20። ቀመሩን አንዴ ከጻፋችሁ ወደ ታች መጎተት ብቻ ነው።

መጋዘን የምታከራዩ ደግሞ ይቺን ልብ በሉ። ማቀናነስ የመጀመሪያውን ቀን አይቆጥርም። ለዱቤ ደግ ነው። ከጥር 1 እስከ ጥር 30 ላከራየ ሰው ግን 29 ይወጣል፤ 1 ጨምሩ።

ቀመሩ የገባበትን ባዶ ፋይል በቴሌግራም እንልክላችኋለን፤ ፍላሽ ይዞ ቢሮ ብቅ ማለትም ይቻላል። የዘንድሮውን መዝገብ ሰኔ 30 ከመድረሱ በፊት በዚሁ አስተካክላችሁ ላኩልን።

ከሰላምታ ጋር
የሒሳብ አገልግሎት ቢሯችሁ፣ ደብረ ማርቆስ