የቀፊራን ሕዝብ ለሚሥሉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በድሬዳዋ ካፌና ሆቴል ግድግዳዎች ላይ የቀፊራ ገበያ ሥዕል ብርቅ አይደለም። ቅስቶቹ አምረው ይሣላሉ። ሕዝቡ ግን ወይ ሁሉም የአንድ እናት ልጅ ይመስላል፣ ወይ ዓይንና አፍ የሌለው እንቁላል ይሆናል። «ማንነቱ ስለማይታወቅ ነው» የሚለው ምክንያት አያስኬድም፤ መንገደኛን በጨረፍታም ቢሆን ፊቱን አይተን ነው የምናልፈው።

መጀመሪያ የሚበላሸው የጭንቅላት መስመር ነው። ሠዓሊው ሜዳ ላይ ቆሞ ሲያይ በቁመት የሚስተካከሉት ሁሉ፣ ቅርብም ይሁኑ ሩቅ፣ ዓይናቸው በአንድ አግድም መስመር ላይ ይውላል፤ ከፍና ዝቅ የሚለው እግራቸው ነው። የሩቁን ሰው ጭንቅላት ወደ ላይ ከሰቀሉት ገበያው ዳገት ላይ የተዘረጋ ይመስላል። ከጉሊት ሻጭ ዓይን ማሳየት የፈለገ መስመሩን ወደ ቋሚዎቹ ወገብ ያውርደው።

ሁለት ሜትር ስፋት ባለው ሥዕል ከሦስት እስከ አምስት ፊት ቢብራራ ይበቃል። ከኋላ ላሉት የእኩለ ቀኑ ፀሐይ ሥራውን ያቀልላል፦ ብርሃኑ ከአናት ስለሚወርድ የዓይን ጉድጓድ፣ የአፍንጫ ሥርና የታችኛው ከንፈር ሥር ይጠቁራሉ። እነዚህ ጥላዎች በትክክል ከተቀመጡ ቅንድብና ሽፋሽፍት አያስፈልግም። ከዚያ ወዲያ የሻሽና የድሪያ (የሴቶቹ ስስ ሰፊ ቀሚስ) ቀለም ብቻ ነው፣ ጠርዙ ደብዘዝ ብሎ። ጭንቅላቶቹ ይደራረቡ፤ እኩል ክፍተት ከተተወ ሰልፍ እንጂ ግርግር አይሆንም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔ በ1874 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ለእይታ ባቀረበው የቡልቫር ደ ካፑሲን ሥዕል እግረኞቹን በአንድ ሁለት የብሩሽ ጭረት አልፏቸዋል፤ የተሳለቁበትም ነበሩ። ኖርዌያዊው ሠዓሊ ሙንክ ደግሞ በ1892 እ.ኤ.አ. በሣለው ሥዕል በዛሬዋ ኦስሎ ጎዳና ላይ የገረጡና ዓይናቸው የፈጠጠ ፊቶችን ፊት ለፊት አምጥቷል። ለፍርሃት ግሩም ነው፤ ለቀፊራ ግን አይሆንም።

ለፊት ጥላ ጥቁር ቀለም መጨመር ቆዳውን አመድማ ያደርገዋል፤ በጥቁር ቡናማ ላይ ጥቂት ሰማያዊ ይሻላል። ከአሸዋና ከነጭ ግድግዳ የሚመለሰው ብርሃን አገጭን ከሥር ስለሚያሞቀው እዚያ ትንሽ ኦከር (ቢጫማ የአፈር ቀለም) ጣል ማድረግ ነው። አክሪሊክ፣ ማለትም በውሃ የሚቀጥነው ቀለም፣ በድሬ ሙቀት ሳይዋሃድ ይደርቃል። የቀለም ማዋሃጃውን ሰሌዳ ውሃ እየረጩ በጠዋት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ መሥራት ይቀላል።

ማንነትን ለመደበቅ ሁሉንም በጎን የሚሥሉ አሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ግን ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ በአንድ ዓይን ይታያል፤ የዓድዋ ሥዕሎችም ጠላትን በጎን ነው የሚያሳዩት። ባለአንድ ዓይን የሞላበት ገበያ ይህን ለለመደ አዛውንት ምን እንደሚነግረው አስቡት! ዘወር ያለ ፊት ወይም ጀርባ ይሻላል።

የሞባይል ፎቶ በቀጥታ መገልበጥም ጣጣ አለው። ሰፊው ሌንስ በፎቶው ዳር ያለውን ፊት ይለጥጠዋል፤ ሻጯም ሳትጠየቅ ሆቴል ግድግዳ ላይ ትወጣለች። ግንባሩን ከአንዷ፣ አገጩን ከሌላዋ፣ የሻሹን አስተሳሰር ከሦስተኛዋ መውሰድ ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሥዕል መምህር፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ