ቺፑ አልሞተም፣ አባዬ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ኮዬ ፈጬም እንደሚያውቋት ናት፤ ነፋሱም አቧራውም ያው ነው፣ ውሃውም በፈረቃ ነው። ባለፈው ስንደዋወል «የእኔ የጥገና ሙያ ከሬዲዮኖቹ ጋር አብሮ አረጀ» ያሉኝ ነገር ከሆዴ አልወጣም። ልመልስልዎ ስል መስመሩ ተቆረጠ። አሁን ሰሞኑን ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ሥራ ላጫውትዎና እርስዎ ይፍረዱ።

እዚህ ውሃ የሚመጣው በሌሊት ነው። አራተኛ ፎቅ እስኪደርስ ደግሞ ክር አክሎ ነው፤ ካልነቁ አመለጠ ማለት ነው። ስለዚህ በርሜሉ ውስጥ ውሃ መግባት ሲጀምር የሚጮህ፣ ሲሞላ ደግሞ በሌላ ድምፅ የሚያስታውቅ ትንሽ መሣሪያ እየሠራሁ ነው። ዋናው ዕቃ ኤቲታይኒ 85 የሚባል ቺፕ ነው፤ ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽዬ ኮምፒውተር ይበሉት። እግሩ ስምንት ብቻ፣ ፕሮግራም የሚይዝበት ቦታ 8 ኪሎባይት፣ ሲሠራ የሚጠቀምበት ራም ደግሞ 512 ባይት ነው። ለእኛ ጉዳይ ይተርፋል። መብራት ቢጠፋም በሦስት ተራ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል።

ይህ ቺፕ በራሱ የዩኤስቢ መግቢያ ስለሌለው ፕሮግራሙን የሚያቀብለው መካከለኛ ያስፈልገዋል። ለዚህ አርዱዪኖ ኡኖ የሚባለውን የመለማመጃ ቦርድ ተጠቀምኩ። ቦርዱ ላይ የአስተላላፊነት ፕሮግራም ይጫንበታል፤ ከዚያ ከ10፣ 11፣ 12 እና 13 ቁጥር መውጫዎቹ ወደ ቺፑ 1ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛና 7ኛ እግር ሽቦ ይዘረጋል። 4ኛው እግር ኔጌቲቭ፣ 8ኛው ፖዘቲቭ ነው።

ሁሉንም አገናኝቼ ፕሮግራሙን ለመላክ ስሞክር ኮምፒውተሩ «አልተግባባንም» ብሎ ቆመ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አይቶ «ተቃጥሏል፣ ጣይውና ሌላ ግዢ» አለኝ። አባዬ፣ እኔ እርስዎ ሱቅ ውስጥ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ሰው ሬዲዮኑን «ሞተ» ብሎ ሲያመጣልዎ ቴስተሩን ሳያነሱ አንድም ቀን እሺ ሲሉ አላየሁም። ከኃይል መግቢያው ተነስተው እየለኩ ወደ ድምፅ ማጉያው ይሄዱ ነበር። እኔም መንገዱን ከኮምፒውተሩ በኩል ጀመርኩ።

የመጀመሪያው እንቅፋት ቺፑ ጋ አልደረሰም፤ ቦርዱ ላይ ነበር። ኡኖ ኮምፒውተር መስመር በከፈተበት ቁጥር ራሱን እንዲያስነሳ ሆኖ የተሠራ ነው። ለራሱ ፕሮግራም ሲቀበል ይህ ይጠቅመዋል፤ ለሌላ ሲያቀብል ግን ወሬው ገና ሲጀመር እሱ እየተነሳ ስለሆነ አይሰማም። መድኃኒቱ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነው፤ ፖዘቲቩ ሪሴት በሚባለው የማስነሻ መውጫ ላይ፣ ኔጌቲቩ ግራውንድ ላይ። ካፓሲተሩ የማስነሻውን ምት ይውጠዋል። የሚገባው ግን የአስተላላፊነቱ ፕሮግራም ከተጫነ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ቦርዱ ራሱ አዲስ ፕሮግራም አይቀበልም።

ከዚያ በኋላ መልእክቱ ተለወጠ፤ እኔም ደስ አለኝ። እያንዳንዱ የቺፕ ዓይነት የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ የዚህኛው 1ኢ930ቢ ነው። ኮምፒውተሩ ያነበበው ግን ዜሮ በዜሮ ነበር። ቦርዱ ይሰማል፣ ቺፑ አይመልስም ማለት ነው። ቴስተሩን አነሳሁ። ኃይል መስጫው መስመር ላይ ድፍን 5 ቮልት አለ። ነገር ግን እርስዎ ሁልጊዜ «ዕቃው እግር ላይ ለኪ» ይሉ ስለነበር 8ኛው እግር ላይ ለካሁ፤ ከ5 ቮልት በጣም ያነሰ ነው። ለካስ የረጃጅሞቹ ብሬድቦርዶች፣ ያለ ብየዳ ዕቃ የሚሰካባቸው ሰሌዳዎች፣ ቀይ መስመር አንዳንዴ መሀሉ ላይ የተቆረጠ ነው! ግማሹ ኃይል አለው፣ ግማሹ የለውም። እግሩ ላይ የታየው ትንሽ ቮልትም በመረጃ ሽቦዎቹ በኩል ሾልኮ የገባ ነው። መስመሩን በአጭር ሽቦ አገናኘሁና ከ8ኛው ወደ 4ኛው እግር 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨመርኩ፤ እርስዎ እንደ ፊልተር የሚያደርጓት ማለት ነው። መለያው ወዲያው ተነበበ።

ደግሞ ሌላ መጣ። ለሙከራ በየአንድ ሰከንዱ እንዲበራና እንዲጠፋ ያዘዝኩት መብራት ስምንት ሰከንድ በርቶ ስምንት ሰከንድ ይጠፋል። ልክ ስምንት እጥፍ መሆኑ ብልሽት አለመሆኑን ነገረኝ። የቺፑ ውስጣዊ ሰዓት 8 ሜጋኸርዝ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ግን ለስምንት ተካፍሎ በ1 ሜጋኸርዝ እንዲሄድ ተደርጎ ነው። የኔ ፕሮግራም በ8 ሜጋኸርዝ ታስቦ የተጻፈ ነው። ይህን የሚወስኑት ፊውዝ የሚባሉ ቅንብሮች ናቸው፤ በአንድ ትእዛዝ ተቀየሩ። ከእነሱ መሀል ግን አንዱን በፍጹም አልነካውም፤ 1ኛውን እግር ከሪሴትነት የሚያወጣውን። እሱ ከተቀየረ ኡኖ ቺፑን ዳግም ሊያናግረው አይችልም፤ በ12 ቮልት የሚሠራ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

አሁን ይሠራል፣ አባዬ። በርሜሉ ውስጥ ያሉት ሁለት የብረት ዘንጎችም እንዳይበሉ ቺፑ ኃይል የሚሰጣቸው ሲለካ ብቻ ነው፤ ለቅጽበት ያህል።

የቀረኝ ድምፁ ነው፤ እሱን ደግሞ ያለ እርስዎ አልጨርሰውም። የገዛሁት ትንሽ ጩኸት ሰጪ ድምፁ ቀጭን ነው፤ እማዬ ደግሞ ቀጭን ድምፅ እየራቃት መሆኑን ነግረውኛል። መሣሪያው እናንተም ቤት ስለሚሆን፣ ሌሊት እየተነሳች ቧንቧ ከምትፈትሽ ወፍራም ድምፅ ብታገኝ ይሻላል። እርስዎ ጋ ከአሮጌ ሬዲዮኖች የወጡ ድምፅ ማጉያዎች እንዳሉ አውቃለሁ። የቺፑ እግር ግን ከ40 ሚሊአምፐር በላይ አይችልም፤ 8 ኦም ድምፅ ማጉያ በቀጥታ ቢገናኝበት ይጎዳል። መሀሉ ላይ ትራንዚስተር መግባት አለበት። የትኛው እንደሚሻልና ስንት ኦም ሬዚስተር እንደሚያስፈልገው ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ፕሮግራም የተጫነበትን ቺፕና ሶኬቱን ወደዚያ በሚመጣ ሰው እልክልዎታለሁ። ሶኬቱን ብቻ ይበይዱት፤ ቺፑ እየወጣ እንዲገባ ነው። ሦስት ዓይነት ድምፅ አስገብቼበታለሁ፤ ኃይሉ ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥር ወደሚቀጥለው ያልፋል። እማዬ ተኝታ ሳለ ይሞክሩትና የትኛው እንደሚቀሰቅሳት ይደውሉልኝ፤ ለእርስዎና ለእኔ ቤት የሚሆነውን በዚያው አስተካክላለሁ።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ