መዳብ ብቻውን አይሄድም፦ የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የዘንድሮው ሥራችን የተጀመረው በአንድ አምባር ነው። ጥቅምት ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል አባላችን የአያቷን የመዳብ አምባር ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ አያቴ ለቁርጥማት ይበጃል ብላ ነው የምታደርገው። እጇ ላይ አረንጓዴ ያወጣል። እውነት መዳቡ ሰውነት ውስጥ ይገባል?» አለችኝ። አምባሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም ውስጡን በጣቱ እየዳሰሰ አየው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ልመልስላት እችል ነበር። ግን ሌሎቹም ልጆች ማወቅ እንደፈለጉ ከፊታቸው አየሁ። ስለዚህ ጥያቄዋን ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፍነው። እስከ ሰኔ ድረስ አልጠፋም።

ባለፉት ዓመታት ክበባችን በየሳምንቱ አዲስ ነገር ይሠራ ነበር። ልጆቹ ይደሰታሉ፣ ወዲያው ይረሱታል። ዘንድሮ አንድ ንጥረ ነገር ብቻ ይዘን ቆየን። ከምግብ ተነስቶ ሕዋስ ውስጥ እስኪገባ ድረስ መዳብን ተከተልነው።

መጀመሪያ መጠኑን ተነጋገርን። በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው መዳብ ተሰብስቦ 100 ሚሊግራም ገደማ ቢሆን ነው። ከአንድ ቁንጥር ጨው ያንሳል። በቀን የሚያስፈልገን 0.9 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ሆኖም ሕዋሳችን በኦክስጅን ተጠቅሞ ጉልበት የሚያወጣበት የመጨረሻው ፕሮቲን ያለ መዳብ አይሠራም። ለቆዳና ለፀጉር ቀለም የሚሰጠው ኢንዛይምም፣ የደም ሥርን ግድግዳ የሚያጠነክረውም መዳብ ይፈልጋሉ። በሌላ በኩል መዳብ ልቅ ሆኖ ከተንቀሳቀሰ ኤሌክትሮን እየሰጠና እየተቀበለ ሕዋሱን ይጎዳል። ሰውነት ስለዚህ መዳብን ሁልጊዜ በሆነ ፕሮቲን ያስይዘዋል እንጂ እንዲሁ አይለቀውም።

«ያስይዘዋል» ማለት ምን ማለት ነው? ይህን በዓይናችን ለማየት የቢዩሬት ሙከራን መረጥን። ልጆቹ ለፈተና ብለው የሸመደዱት ነው፤ «ወይን ጠጅ ከሆነ ፕሮቲን አለ።» ለምን ወይን ጠጅ እንደሚሆን ግን ጠይቀው አያውቁም። ቀለሙ የመዳቡ ነው። ኮፐር ሰልፌት የሚባለው የመዳብ ጨው ውኃ ውስጥ ሲሟሟ የመዳቡን አዮን ውኃ ይከበዋል፤ ያኔ ሰማያዊ ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ባለበት ፕሮቲን ሲያገኝ ደግሞ በፕሮቲኑ ሰንሰለት ላይ ያሉት ናይትሮጅኖች ዙሪያውን ይይዙታል። የያዘው ነገር ሲለወጥ ቀለሙም ይለወጣል።

የመጀመሪያው ቀን አልተሳካልንም። የእንቁላል ነጩን በውኃ አቀጠንን፤ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን እኔና የላብራቶሪ ባለሙያችን ጓንትና መነጽር አድርገን ጨመርን። ከዚያ ልጆቹ ኮፐር ሰልፌቱን አፈሰሱበት። እርጎ የመሰለ ሰማያዊ ነገር ቱቦው ውስጥ ቁጭ አለ። ወይን ጠጅ የሚባል ነገር የለም። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ «ትንሽ ጨምሩ» ብዬ ስንት ጠብታ እንደሆነ አልነገርኳቸውም። መዳቡ ፕሮቲኑ ሊይዘው ከሚችለው በላይ ሲሆን ትርፉ ሰማያዊ ዝቃጭ ይሆንና ቀለሙን ይሸፍነዋል። በኋላ ሳስበው ይህ ስህተት ከማንኛውም ገለጻ በላይ ጠቀመን። ያዥ ያጣ መዳብ ምን እንደሚመስል ልጆቹ በዓይናቸው አዩ።

በሳምንቱ በጠብታ ሆነ። አንድ ዝምተኛ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነበር የሠራው። የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወርድ እንደ ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ተጠማዘዘች። ልጁ ቱቦውን በሁለት ጣቱ ይዞ ቀስ አድርጎ ነቀነቀው። ሰማያዊው ጠፋ። ከዚያ ፈሳሹ ከላይ ጀምሮ ወይን ጠጅ እየሆነ ወረደ። «እትዬ፣ እይው! ያዘው!» ብሎ የላብራቶሪ ባለሙያችንን ጠራት። «ቀለሙ ተቀየረ» አላለም፤ «ያዘው» ነው ያለው። በዚያች ቃል በጣም ደስ አለኝ።

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ደግሞ አንዱ «ከእንቁላል ይልቅ ለምን በሽሮ አንሞክርም?» አለ። በርበሬው ቀለሙን ስለሚያጠፋብን ቅመም ያልገባበት የሽምብራ ዱቄት ከቤት አመጡ። በጨው ውኃ ዘፍዝፈው በነጠላ ጨርቅ አጠለሉት። ከእንቁላሉ ፈዘዝ ያለ፣ ግን የማያጠራጥር ወይን ጠጅ ወጣ። ለማነጻጸሪያ ያዘጋጀነው የስኳር ውኃ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ።

አንድ ነገር ግን ደጋግሜ ነገርኳቸው። ቱቦው ውስጥ መዳቡ ያገኘውን ሰንሰለት ሁሉ ይይዛል፤ ሰውነት ውስጥ ግን ቦታው የተለየ ነው። ለምሳሌ በደም ውስጥ አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን መዳብን የሚይዘው ጫፉ ላይ ባሉት በመጀመሪያዎቹ ሦስት አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን ሰንሰለት የሚሠራባቸው ቁርጥራጮች) ነው። በደማችን ውስጥ ካለው መዳብ አብዛኛውን የያዘው ደግሞ ሴሩሎፕላዝሚን የሚባል ሌላ ፕሮቲን ነው። ሆልምበርግና ላውሬል የተባሉ ስዊድናውያን እ.ኤ.አ. በ1948 ለይተው አወጡት። አንዱ ሴሩሎፕላዝሚን ስድስት የመዳብ አቶም ይይዛል፤ ሲጣራም ሰማያዊ ነው።

ጥር ላይ ሕዋሱ በር ደረስን። ከምግብ የሚመጣው መዳብ በአብዛኛው ሁለት ኤሌክትሮን የጎደለው ነው። በሩ ግን የሚያስገባው አንድ ብቻ የጎደለውን ነው። ስለዚህ ከደጅ ሳለ፣ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያሉ ስቲፕ የሚባሉ ኢንዛይሞች አንድ ኤሌክትሮን ይሰጡታል። ይህንንም በቱቦ አሳየናቸው። መዳብ ያለበት ሰማያዊ የቤኔዲክት ፈሳሽ ውስጥ ማር ጠብ አድርገን የፈላ ውኃ ላይ አስቀመጥነው። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፣ ብርቱካንማ ሆነ፣ በመጨረሻ እንደ ጡብ ቀላ። የማሩ ስኳር ለመዳቡ ኤሌክትሮን ሰጠው ማለት ነው። ይህን ሙከራ ለዓመታት «ስኳር መኖሩን ለማወቅ» ብቻ ነበር የማስተምረው።

በሩ ራሱ ሲቲአር1 ይባላል። 190 አሚኖ አሲድ ያለው ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ ሦስቱ ተቃቅፈው መሃላቸው ላይ ጠባብ መተላለፊያ ይሠራሉ። የተገኘበት መንገድ ልጆቹን በጣም አስገረማቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 ተመራማሪዎች መዳብ ማስገባት ያቃተውን እርሾ ወሰዱ፤ ዳቦ የምናቦካበት ዓይነት እርሾ ነው። የሰው ዘረ መል ሲያስገቡበት እርሾው መዳብ መውሰድ ቻለ። የእርሾና የእኛ በር ይህን ያህል ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ከሳልሞን ዓሣ የተወሰደው ሲቲአር1 ቅርጹ በዝርዝር ታየ። የመተላለፊያው አፍ ላይ ሜቲዮኒን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች ሦስት ሦስት ሆነው ሁለት ቀለበት ሠርተዋል። ሜቲዮኒን ድኝ አለው። አንድ ኤሌክትሮን ብቻ የጎደለው መዳብ ደግሞ ድኝ ይወዳል። በሩ መዳብን ከሌሎች ብረቶች የሚለየው በዚህ ነው።

ከበሩ በኋላስ? እዚህ ጋ ልጆቹ ተከራከሩኝ። «ውስጥ ከገባ በኋላ በቃ ይዋኛል አይደል?» አሉ። አይዋኝም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት በአንድ የእርሾ ሕዋስ ውስጥ ያለው ነፃ መዳብ ከአንድ አቶም በታች እንደሆነ አሳየ። ከበሩ የሚቀበሉት አጃቢ ፕሮቲኖች አሉ። አቶክስ1 ከሕዋሱ ወደሚያስወጡት ፓምፖች ያደርሰዋል። ሲሲኤስ ሕዋሱን ከጉዳት ወደሚከላከል ኢንዛይም ይወስደዋል። ኮክስ17 ደግሞ የሕዋሱ ጉልበት ማመንጫ በሆነው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ጉልበት ለሚያመነጨው ፕሮቲን ያቀብላል። አቶክስ1 ሲስቴይን በሚባሉ፣ እነሱም ድኝ ባላቸው ሁለት አሚኖ አሲዶች ይይዘዋል። ሲያስረክብ ተቀባዩ ቀድሞ ይይዛል፤ ለቅጽበት ሁለቱም ይዘውታል፤ ከዚያ ነው አቶክስ1 የሚለቀው።

ይህንን ግንቦት ላይ ለወላጆች ቀን በትዕይንት አሳየን። ሜዳው ላይ በኖራ ትልቅ ክብ ሠራን። ሦስት ሴት ልጆች ቢጫ ሻርፕ አስረው በር ሆኑ፤ ቢጫው ድኙ ነው። መዳቡ ከተቆራረጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ የተጠቀለለ ቀለበት ነበር። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ቀለበቱ አየር ላይ አይወረወርም፣ መሬት አይነካም፣ ተቀባይ ሳይይዝ ሰጪ አይለቅም። ልምምድ ላይ ስንት ጊዜ ወደቀባቸው! በቀኑ ግን ከበር እስከ ማይቶኮንድሪያ አንዴም ሳይወድቅ ደረሰ። ወላጆች ቆመው አጨበጨቡ።

ብዙ ጊዜ የወሰድንበት ሌላው ጉዳይ የበጎቹ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆን ሜንከስ የተባለ ሐኪም ከጓዶቹ ጋር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በአምስት ወንድ ሕፃናት ላይ የታየ ከባድ በሽታ ጻፈ። ፀጉራቸው የተጠማዘዘና ተሰባሪ ነበር፤ አእምሯቸውም ይጎዳል። ምክንያቱ ለአሥር ዓመት አልታወቀም። ከዚያ አውስትራሊያ ውስጥ ዴቪድ ዳንክስ የሕፃናቱን ፀጉር ሲያይ መዳብ ባነሰው አፈር ላይ የሚግጡ በጎች ፀጉር ትዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ1972 በሽታው የመዳብ እጥረት መሆኑን አሳየ። የሚያሳዝነው፣ መዳቡ ከምግብ ወደ አንጀት ሕዋስ ይገባል፤ በሩ ደህና ነው። የተበላሸው ኤቲፒ7ኤ የሚባለው አስወጪ ፓምፕ ስለሆነ መዳቡ እዚያው ታግቶ ይቀራል። አእምሮ እየተራበ አንጀት ውስጥ መዳብ ይከማቻል። ቤተሰቦቹ በግ የሚያረቡ አንድ አባላችን ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና «በጉን ባያይ ኖሮ ሕፃናቱን አይረዳቸውም ነበር» አለ። በእኛም ስምጥ ሸለቆ በከብትና በበግ ላይ የመዳብ እጥረት ተጠንቷል።

ኤቲፒ7ቢ የሚባለው የዚህ ፓምፕ ወንድም ሲበላሽ ደግሞ የዊልሰን በሽታ ይመጣል። እዚያ መዳቡ ጉበት ውስጥ ይከማቻል፣ አንዳንዴም የዓይን ብሌን ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ይሠራል። በጊዜ ከታወቀ መድኃኒት አለው።

አምባሩስ? ሰኔ ላይ ልጅቷ መልሷን ራሷ ጽፋ አነበበችልን። አረንጓዴው መዳቡ ከላብና ከአየር ጋር ተዋህዶ የሚፈጠር ነው። ሰውነታችን የሚያስፈልገውን መዳብ የሚያገኘው ከምግብ ነው፤ ከምስር፣ ከሰሊጥ፣ ከሱፍ፣ ከጉበት። አምባሩን በቁርጥማት ሕመምተኞች ላይ የሞከሩ ጥናቶችም ከሌላ አምባር የተሻለ ሆኖ አላገኙትም። ለአያቷም ይህንኑ አስረዳቻቸው። እሳቸው ግን የእናታቸው ስጦታ ስለሆነ አላወለቁትም። ልጅቷም «እኔም እንዲያወልቁት አልፈልግም» አለች።

ሰሌዳው ጥግ ላይ አሁን ሌላ ጥያቄ ተጽፏል፤ «ትርፉ መዳብ በሐሞት በኩል እንዴት ይወጣል?» የሚል ነው። መስከረም ላይ የምንጀምረው ከዚያ ነው። ጠብታ ማንጠብጠቢያዎቻችን ግማሹ ተሰብረዋል፤ ትርፍ ያለው ክፍል ቢሰጠን ደስ ይለናል። ስብሰባው ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ነው።